ጫማ ውስጥ ለተደበቀው ሥራ ማን ይከፍላል?

በሥራ መኩራት ይበልጣል ወይስ ገንዘብ የሚለው ጥያቄ በጫማ ሥራ ላይ ሲነሣ፣ መልሱ የሚገኘው ደንበኛው ሊያየው በማይችለው ቦታ ነው። አንድ የቆዳ ጫማ ተሠርቶ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ገዢው የሚያየው ቀለሙን፣ ቅርጹን፣ የላዩን ስፌትና የሶሉን ጠርዝ ብቻ ነው። ከውስጥ ሶሉ በታች፣ በተረከዝና በጣቶች መካከል ወገቡን የሚይዘው ቀጭን ብረት መኖር አለመኖሩን፣ ተረከዙን ዙሪያውን አቁሞ የሚይዘው ማጠንከሪያ ከቆዳ ይሁን ከካርቶን መሠራቱን፣ ማስቲሽ ከመቀባቱ በፊት ቆዳው በደንብ መፋቅ አለመፋቁን ጫማው ካልተቀደደ በቀር ማንም አያውቅም። እነዚህን ሁሉ ቢተው ጫማ ሰፊውን የሚያስቀጣው ነገር የለም፤ እንዲያውም ጊዜና ዕቃ ይቆጥብለታል። ስለዚህ በእኛ ሙያ የሥራ ኩራት ማለት ማንም ለማያየው ሥራ መድከም ሲሆን፣ ገንዘብ ደግሞ የሚከፈለው ለሚታየው ብቻ ነው። የእኔ የሥራ ዘመን ያለፈው እነዚህን ሁለቱን ለማስታረቅ በመሞከር ነው፤ እንዴት እንዳደረግሁትና ምን እንደተረዳሁ እነሆ እጽፋለሁ።

ሙያውን የለመድሁት መርካቶ ውስጥ፣ አንድ ዘመዴ ከባልንጀሮቹ ጋር በከፈተው ጠባብ ቤት ነው። የአዲስ አበባ የጫማ ሥራ ታሪክም ከዚያ ሰፈር ጋር የተያያዘ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1930ዎቹ መጨረሻ አርመናውያን ነጋዴዎች በከተማዋ ሁለት የጫማ ፋብሪካዎችን ከከፈቱ በኋላ፣ እዚያ እጃቸውን ያፍታቱ ሠራተኞች እየወጡ በመርካቶ ዙሪያ የየራሳቸውን ቤት ከፈቱ፤ ከእነሱ ሥር ሌሎች ተማሩ፤ በዚህ ሁኔታ ቆዳ ሻጩ፣ ሶል አቅራቢው፣ ቆራጩ፣ ስፌት ብቻ የሚሰፋው፣ ወጣሪውና ደላላው ተጠጋግተው የሚሠሩበት መንደር ተፈጠረ። ለእኔ ሙያውን ያሳዩኝ፣ ሁላችንም «ጋሼ» እያልን የምንጠራቸው አረጋዊ ባለሙያ፣ የመጀመሪያውን ወር ሰንጢ እንኳ አላስያዙኝም። ቆዳ እየዘረጋሁ በእጄ እንድዳብስ ብቻ ነበር የሚያዝዙኝ።

ለምን እንደዚያ እንዳደረጉ የገባኝ ቆይቶ ነው። ቆዳ ከየትም ቢቆረጥ አንድ ዓይነት አይደለም። በጀርባው መስመር ግራና ቀኝ ያለው ክፍል ጠንካራና የማይሳብ ሲሆን፣ ወደ ሆድና ወደ ብብት የሚሄደው ግን ልል ነው፤ ስለዚህ እግር ሲራመድ በየእርምጃው የሚታጠፈው የጫማው ፊት ከጀርባው መቆረጥ ሲገባው፣ ለምላስና ለመሰል ትንንሽ ክፍሎች የሆዱ ይበቃል። አቅጣጫም አለው። ቆዳው የሚሳብበት ወገን በጫማው ርዝመት ላይ ከዋለ ጫማው ከጥቂት ወራት በኋላ ይረዝምና እግር ውስጡ መንሸራተት ይጀምራል። የግራውና የቀኙ ፊት ደግሞ ከአንድ ቆዳ፣ ጎን ለጎን ካለ ቦታ ካልተቆረጡ አንዱ ከሌላው ቀድሞ ይሸበሸባል። በዚህ ሁሉ ላይ የቆዳው የራሱ ጉዳት ይጨመራል፤ በበግና በፍየል ላይ ቅማልና መዥገር መሰል ተባዮች የሚያመጡት፣ ቆዳ ፋብሪካዎች እከክ የሚሉት ነጠብጣብ አለ፤ ባለቤቱ በእሳት የተኮሰው ምልክት አለ፤ በበዓል ቀን በየግቢው ሲታረድ ቢላዋ ያጋጠመው ቀዳዳ አለ። ወፍራም ቀለም ሲቀባበት አብዛኛው ይሸፈናል። ጋሼ ግን ዓይንን ቀለም ሊያታልለው ይችላል፣ ጣት ግን አይታለልም ይሉ ነበር።

የአወጣጠሩም ነገር እንዲሁ ነው። ቆዳው ፎርማው ላይ፣ ማለትም ለጫማው ቅርጽ በሚሰጠው እግር መሰል ቅርጽ ላይ፣ በጉጠት ተስቦ ከተወጠረ በኋላ ቢያንስ አንድ ሌሊት እዚያው ማደር አለበት፤ ያለዚያ ቅርጹን አይዝም። ሶል ከመለጠፉ በፊት ከሥር የሚታጠፈው የቆዳ ጠርዝ ለስላሳ ገጹ እስኪለቅ ድረስ መፋቅ ይኖርበታል፤ ካልተፋቀ ማስቲሹ የሚይዘው ቀለሙን እንጂ ቆዳውን ስላልሆነ፣ ጫማው ዝናብ ሲያገኘው ሶሉ አፉን ይከፍታል። ማስቲሹ በሁለቱም ወገን ተቀብቶ፣ በጣት ሲነካ የማይለጠፍ እስኪሆን ይጠበቅና በሙቀት ከተቀሰቀሰ በኋላ ነው የሚገጠመው፤ በክረምት እርጥበት ሲበዛ ይህ መጠበቅ ይረዝማል። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ የዘረዘርሁት ሁሉ የሚጠይቀው ልዩ ችሎታ ሳይሆን ጊዜ ነው። መፋቁንም መጠበቁንም ማሳደሩንም ማንኛውም ወጣት በአጭር ጊዜ ይማረዋል። ጥያቄው ለሚጠብቅበት ጊዜ ማን ይከፍለዋል የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ የመርካቶ መልስ ግልጽ ነበር፤ ማንም አይከፍለውም። ቆራጩም፣ ሰፊውም፣ ወጣሪውም የሚከፈላቸው በጥንድ ነው። በቀን ብዙ ጥንድ ያወጣ ብዙ ይዞ ይገባል፤ ቆዳውን እየዳበሰ የሚቆርጥ ሰው ከጎረቤቱ ያነሰ ይዞ ይገባል። በተለይ ለአዲስ ዓመትና ለትምህርት ቤት መክፈቻ፣ እንዲሁም ለፋሲካ ገበያው ሲደራ፣ ፎርማ ላይ ማደር የሚገባው ጫማ ጧት ተወጥሮ ከሰዓት በኋላ ይወልቃል፤ ፎርማው ለሚቀጥለው ይፈለጋልና። በ1990ዎቹ የቻይና ጫማ በርካሽ ዋጋ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው ደግሞ ብዙ ቤቶች ተዘጉ። የቀሩትም ዋጋ ለመቀነስ መጀመሪያ የነኩት ከውስጥ ያለውን ነበር፤ ብረቱ ወጣ፣ የቆዳ ማጠንከሪያው ካርቶን ሆነ፣ ገበሩ ቆዳ መሆኑ ቀርቶ ጨርቅ ሆነ። «ብረቱን አውጣ የሚለው ደላላ ነው፤ ጫማው ወገቡ ሲሰበር የሚረገመው ግን ሰፊው ነው» ብለው ጋሼ ሲናገሩ እሰማለሁ። ሆኖም እሳቸውም ቢሆኑ የታዘዙትን ይሠሩ ነበር፤ የሚያሳድጓቸው ልጆች ነበሯቸው።

ስለ ኩራት ስንናገር ደግሞ ሌላ የማይዘለል ነገር አለ። በአገራችን ቆዳ የሚሠራ ሰው ለብዙ ዘመን የተናቀ ነበር፤ ፋቂ፣ ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ እየተባለ ከሰው ተራ ሲገለል የኖረው ባለ እጅ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውንና ሌላውንም ሠራተኛ በሥራው መስደብን ቢከለክሉም፣ አዋጅ በአንድ ጊዜ የሰውን ልብ አይለውጥምና፣ እኔ ጫማ ሰፊነትን መረጥሁ ስል እናቴ ለጎረቤት የነገረችው «ፋብሪካ ገብቷል» ብላ ነው። ስለዚህ ከገንዘብ በላይ በሥራህ ኩራ የሚለው ምክር ከሐኪም ወይም ከመምህር አፍ ሲወጣ ቀላል ሊሆን ይችላል፤ እነሱ ደመወዛቸው ቢያንስ እንኳ ክብራቸው አብሯቸው ይሄዳል። ሙያው ራሱ ክብር የማያስገኝለት ሰው ግን ሌሎች እንዲያከብሩት ያለው ብቸኛ መንገድ ገንዘብ ነው። ብር ያለው ጫማ ሰፊ «አቶ» ይባላል። ባለ እጁ ገንዘብን ሲያስቀድም ስግብግብ ነው ብሎ ከመፍረድ በፊት ይህን ማሰብ ይገባል ብዬ አምናለሁ።

የራሴን ቤት የከፈትሁት፣ መርካቶ ውስጥ ሳለሁ ያየሁትን ይህን ሁሉ ሥርዐት በአንድ ነጥብ ላይ ለመለወጥ አስቤ ነው፤ ለማይታየው ሥራ ክፍያ ማግኘት። ከመርካቶ ወጣ ብዬ አነስተኛ ክፍል ተከራየሁ፤ ከእኔ ጋር አንዲት ልምድ ያላት ሰፊና አንድ ወጣት ነበሩ። ሞዴሎቹን ሦስት ብቻ አደረግሁ፤ ለእያንዳንዱ ሞዴል በየቁጥሩ ፎርማ ማስጠረብ ወጪ ነው፤ ሞዴል በበዛ ቁጥርም ፎርማ ቶሎ ይፈለግና ጫማ ሳያድር ይወልቃል። ፎርማ በቂ ሆኖ ሲገኝ ማሳደሩ ማንንም አያስቸኩልም። ብዙ ሰው ጥራትን ከሠራተኛው ጠባይ ጋር ብቻ ያያይዘዋል፤ እኔ ግን ከፎርማው ብዛት የሚመጣ ነው ብል እወድዳለሁ።

ሁለተኛው የክፍያው ነገር ነው። በጥንድ መክፈልን ትቼ የወር ደመወዝ አደረግሁ። ይህ ብቻውን እንደማይበቃ አውቅ ነበር፤ በወር ደመወዝ የሚሠራ ሰው ሊያዘገይ ይችላልና። ስለዚህ ከሚሸጠው ከእያንዳንዱ ጥንድ ላይ የተወሰነ ገንዘብ እየቀነስሁ ለጥገና በተለየ ሒሳብ ማስቀመጥ ጀመርሁ። ደንበኛው በአንድ ዓመት ውስጥ ሶሉ ቢለቅቅ፣ ስፌቱ ቢፈታ ወይም ወገቡ ቢሰበር አምጥቶ በነጻ ያስጠግናል፤ የጥገናው ዕቃና ጉልበት ከዚያ ሒሳብ ይወጣል። በዓመቱ መጨረሻ፣ ጳጉሜን ላይ፣ ሳይወጣ የቀረው ገንዘብ ለሠራተኞቹ ይከፋፈላል። በእያንዳንዱ ጫማ ገበር ሥር የቆረጠው፣ የሰፋውና የወጠረው ሰው ምልክት ይጻፋል፤ መዝገብም አለ። በዚህ አሠራር ቆዳው በደንብ የተፋቀ ጫማ ተመልሶ አይመጣም፤ ያልመጣውም ጫማ ለፋቀው ሰው ገንዘብ ሆኖ ይከፈለዋል። በጥንድ ሲከፈላቸው ጊዜ ማባከን የነበረው መፋቅ አሁን ገቢያቸው ሆነ። ማንንም ስለ ሥራ ክብር መስበክ አላስፈለገኝም። ወጣቱ ራሱ፣ ሰፊዋ ማስቲሹ ሳይደርቅ ሶል ልትገጥም ስትል «እቴ፣ ቆይ ይድረቅ እንጂ፤ የጳጉሜን ነገር ነው» ሲላት ሰምቻለሁ።

ሦስተኛው ሥራ ደንበኛውን የማይታየውን ማሳየት ነበር። ከራሴ ሥራ አንድ ጫማ ወስጄ ከጫፍ እስከ ተረከዝ በመጋዝ ለሁለት ሰነጠቅሁት፤ ከገበያ የገዛሁትንም ርካሽ ጫማ እንዲሁ አድርጌ ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኋቸው። የማንንም ስም አልጠራሁም፤ ስለ ዋጋው ሲጠይቁኝም ንግግር አላበዛሁም። ሰው ብረቱን፣ የቆዳ ማጠንከሪያውንና የገበሩን ውፍረት በዓይኑ ካየ በኋላ የዋጋ ልዩነቱን ራሱ ያስረዳልኛል። የገረመኝ ነገር ቢኖር ይህን ከሁሉ በላይ በትኩረት የተመለከቱት ሀብታሞቹ አለመሆናቸው ነው። ቀኑን ሙሉ ቆመው የሚውሉት የጥበቃ ሠራተኞች፣ አስተናጋጆችና መምህራን ናቸው። እግራቸው አስተምሯቸዋል። ሀብታሙ ብዙ ጊዜ ከውጭ የመጣ ጫማ ስም ይጠይቃል፤ በክረምት ከአሜሪካና ከአውሮፓ ለእረፍት የሚመጡ ወገኖች ደግሞ ከሁለትና ከሦስት ጥንድ በላይ ያዝዛሉ፤ ነገር ግን የቸኮሉ ስለሆኑ አንዳንዶቹን፣ ጫማው ማደር አለበትና፣ ለመመለስ እገደዳለሁ።

የገንዘቡ ውጤት ምን ሆነ? በቀጥታ ልናገር። በመጀመሪያው ጊዜ የሚገባኝ ገቢ መርካቶ በጥንድ ስሠራ ከማገኘው ያነሰ ነበር፤ ቤታችንን ያቆመችው የመንግሥት ሠራተኛ የሆነችው ባለቤቴ ናት። ኪራዩንና የልጆቹን ወጪ እሷ ባትሸፍን ኖሮ ብረቱን ከጫማው የማወጣው እኔ ራሴ ነበርሁ። በሥራው የሚኮራ ባለሙያ ሲወደስ ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው፤ ኩራቱ እስኪከፍል ድረስ ወጪውን የቻለለት ማን ነው? ሚስት፣ ወላጅ፣ ጡረታ ወይም የተወረሰ ቤት ብዙ ጊዜ ከጀርባው አለ። ይህን መደበቅ ለሚከተሉን ወጣቶች ክፉ ምክር መስጠት ነው።

እያደር ግን ጫማቸው ያልተመለሰ ደንበኞች ወንድሞቻቸውንና የሥራ ባልደረቦቻቸውን ማምጣት ጀመሩ፤ ለማስታወቂያ የማወጣው የለም፤ ደላላም የለኝም። ለደላላ ይሄድ የነበረው ለቆዳው ገበርና ለብረቱ ዋለ። ዛሬ የማገኘው መካከለኛ ኑሮ ነው፤ በጥንድ እየከፈሉ በርካታ ሠራተኛ የሚያሠሩ የሙያ ጓደኞቼ ከእኔ የበለጠ ሀብት አፍርተዋል፤ ይህን ስናገር አላፍርም፣ እነሱም መጥፎ ሰዎች አይደሉም። ርካሽ ጫማ የሚፈልግ ሰው አለ፤ እነሱ ለዚያ ሰው ይሠራሉ። እኔም አቅሙ የማይፈቅድለትን ደንበኛ ወደ እነሱ እልካለሁ።

አብራኝ የጀመረችው ሰፊ ግን ከእኔ ጋር አልቀጠለችም። እጅግ የተካነች ነበረች፤ ስፌቷን ሳይ ዛሬም እለየዋለሁ። ልጇ ታሞባት ብዙ ገንዘብ በአጭር ጊዜ ባስፈለጋት ወቅት፣ ለመስከረም ገበያ በጥንድ የሚከፍል ቤት ጠራትና ሄደች። «ጋሼ፣ እዚህ የምሠራው ሥራ ያኮራኛል፤ ግን ጳጉሜን እስኪመጣ አልችልም» አለችኝ። የሚመለስ መልስ አልነበረኝም። ከዚያ በኋላ የጥገናውን ሒሳብ በዓመት አንድ ጊዜ መክፈሉን ትቼ በየሩብ ዓመቱ ከፊሉን፣ የቀረውን ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ ማድረግ ጀመርሁ፤ ለታመመ ወይም ለተቸገረ ሠራተኛም ከድርሻው አስቀድሞ የሚወስድበትን መንገድ አበጀሁ። የሥራ ኩራት ብዙ መጠበቅን ይጠይቃል፤ ደሃ ደግሞ መጠበቅ አይችልም። ስለዚህ አሠሪው ሠራተኛው በሥራው እንዲኮራ ከፈለገ የመጠበቁን ሸክም ራሱ መሸከም አለበት።

ኩራት ሁሉ ደግሞ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። ባለሙያ ሲሠለጥን ለራሱ ብቻ የሚታይ ጌጥ ይወድዳል። የሶሉን ጠርዝ በሰም ደጋግሞ ማሸት፣ ገበሩ ላይ ጥንድ ስፌት መስፋት፣ ሌላ ባለሙያ ካልሆነ በቀር የማያስተውለውን የጠርዝ እጥፋት ማቅጠን ደስ ይላል፤ እኔም እነዚህን በጣም እወድዳቸዋለሁ። ነገር ግን ዋጋውን የሚከፍለው መምህር እግሩ ከዚህ የሚያገኘው ምንም የለም። አሁን የምጠቀምበት መለኪያ ቀላል ነው፤ ሥራው ለእግሩ የሚጠቅም ከሆነ ባይታይም ይሠራል፣ ዋጋ ላይም ይገባል፤ ለእኔ ዓይን ብቻ ከሆነ ግን በራሴ ጊዜ እሠራዋለሁ ወይም እተወዋለሁ። ይህን ከለየሁ ወዲህ ዋጋ ስናገር ድምፄ አይንቀጠቀጥም፤ የምጠይቀው ብር ሁሉ የት እንደገባ አንድ በአንድ ማሳየት እችላለሁና።

ይህ መለኪያ በጣም የጠቀመኝ ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ነው። ቆዳው የአገር ውስጥ ቢሆንም ሶል፣ ማስቲሽ፣ ክርና ዚፕ ከውጭ የሚመጡ ስለሆኑ ዋጋቸው በፍጥነት ጨመረ። ሁለት ምርጫ ነበረኝ፤ ዋጋ መጨመር ወይም ከጫማው ውስጥ አንድ ነገር ማውጣት። ከሠራተኞቹ ጋር ተቀምጠን የተሰነጠቀውን ጫማ መሐል አድርገን እያንዳንዱን ክፍል ተነጋገርንበት። የሶሉ ጠርዝ በሰም መታሸቱ ቀረ፤ ሣጥኑ ቀርቶ በከረጢት መስጠት ጀመርን፤ ገበሩ የበግ ቆዳ መሆኑ ሳይለወጥ፣ ወጪው አነስ እንዲል ቀለም ሳይቀባ እንዲገባ ሆነ፤ ላብን በመምጠጥ በኩልም ይሻላል። ብረቱ፣ ማጠንከሪያውና ማሳደሩ አልተነኩም። ከዚህ በኋላ የተረፈውን ልዩነት ዋጋ ላይ ጨመርነው፤ የሚሸጠው ጥንድ ቁጥር ቀነሰ፣ ለጥገና የሚመጣው ደግሞ በዛ፤ ሰው አዲስ መግዛት ሲከብደው አሮጌውን ሶል ማስቀየር ይመርጣልና። ዓመቱ ያለፈበትን ጫማ በክፍያ ሶል መቀየር አሁን ከገቢያችን ጉልህ ድርሻ ይዟል። ሶሉ እንዲቀየር የሚያስችለው ደግሞ ቆዳው ከጀርባው የተቆረጠ፣ ወገቡም በብረት የተያዘ ጫማ መሆኑ ነው፤ በካርቶን የተሠራው ሶሉ ሲነሣ አብሮ ይፈርሳል፤ ስለዚህ ከሌላ ቤት የተሠራ ጫማ ለጥገና ሲመጣልን ከመቀበላችን በፊት የውስጥ ሶሉን ገለጥ አድርገን እናያለን።